አሳፋሪ ነበርኩ

በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ የወጣልኝ ቅጽል ስም «አሳፋሪው» የሚል ነው። ያወጣልኝ መርሳ አብሮኝ የተማረ አንድ ቀልደኛ ጓደኛዬ ነበር። ሥራ መያዜን ሰምቶ ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ «ሰው አውቶቡስ ላይ አሳፍራለሁ» አልኩት። «ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል እንዴ? እኔ አባቴን በነፃ ሳሳፍር ነው የኖርኩት» ብሎ ገበያው መሃል ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ከመርሳ እስከ ውርጌሳ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ በዚያ ስም ጠራኝ። ገና ጎረምሳ ነበርኩና መታወቄ ደስ አለኝ እንጂ ስሙ አላስከፋኝም።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ጋቢ አለበሱኝ። ኃላፊያችን ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፤ ንግግር ይወዳል። «አቶ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተፈናቃይ ወገኖቻችንን ሲያሳፍሩ የኖሩ ባለውለታችን ናቸው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሱም ደንገጥ ብሎ «ማለቴ፣ ሲያጓጉዙ» ብሎ አረመ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ልጁ ግን አልተሳሳተም። አዲሱን ጋቢ ለብሼ እዚያ መድረክ ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

የተወለድኩት ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ከፍ ብሎ ተራራው ሥር ካለች መንደር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። ያን ዘመን ያየ ሰው ብዙ ማውራት አይወድም፤ እኔም አላወራም። ሰው ከየመንደሩ ወርዶ አስፋልቱ ዳር ተኮልኩሎ ነበር። መንግሥትም ወደ ወለጋ ውሰዱና አስፍሯቸው ብሎ አውቶቡስና የጭነት መኪና ላከ። ወዶ የሄደ አለ፤ ሳይወድ የሄደም አለ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ተፈለገና ውርጌሳ መንገድ ዳር በጊዜያዊነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለራሴም አይበቃኝም ነበር፤ ግን በዚያ ዓመት ምግብ የሚያገኝ ሰው ስለ ደመወዝ አያወራም።

አለቃዬ ጋሽ ተገኘ የሚባሉ የጉባ ላፍቶ ደገኛ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገሩ ግን ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ማሳፈር በር ከፍቶ ሰው አስገብቶ በር መዝጋት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን እንደ አናጢነት፣ እንደ ሽመና፣ ሙያ አድርገው አስተማሩኝ። ጎረቤታሞችን አለያይተህ አታሳፍር፤ ሰው የማያውቀው አገር ሲደርስ ቢያንስ አንድ የሚያውቀው ፊት ማየት አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት የኋላ ጎማ ላይ አታስቀምጥ። ሽማግሌ ካለ በሩ አጠገብ ይሁን፤ መውረድ የሚችል መሆኑን ካወቀ አይወርድም። ዕቃውን ከሰው በፊት ጫን፤ ዕቃው የተጫነበት ሰው ማመንታት ይተዋል። ይህን የመጨረሻውን ያኔ ብልሃት ነው ብዬ ያዝኩት። አሁን ስጽፈው ይቀፈኛል።

ጋሽ ተገኘ አመል ነበራቸው። ሰው የተጠለለበት ዳስ ከመግባታቸው በፊት ደጅ ቆመው ይስላሉ፤ ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። «ሰዓት የሚያይ ሰው ሲያጽናና አይታመንም» ይሉኝ ነበር። ገብተው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የቆመ ሰው ትእዛዝ እንጂ ጨዋታ አያመጣም ባይ ናቸው። ሌላው አመላቸው ግን ይገርመኝ ነበር። አዲስ መጠለያ ስንደርስ ሌላው ስለ ውሃና ስለ ዱቄት ሲጠይቅ እሳቸው አስቀድመው «መቃብሩ የት ነው?» ይላሉ። ሟርት ይመስል ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«ሰውን የት ትኖራለህ ብትለው አድራሻውን ይነግርሃል» አሉኝ። «የት ትቀበራለህ ብትለው ነው አገሩን የሚነግርህ።»

ሦስተኛው ትምህርታቸው አጭር ነበር። «በእጅህ የሌለ ቃል አትስጥ።» ዱቄት ከሌለህ ዱቄት ይመጣል አትበል። ዝናብ አለ አትበል። እኔ ሁለቱን ትምህርት ያዝኩ፤ ሦስተኛውን ገና በዚያው ዓመት ጣልኩት።

እትዬ ዘሃራ ሙሄ የመንደራችን ሰው ነበሩ። ቤታቸው ከኛ ቤት ማዶ ነው። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ሲሆን እሳቸው ወደ ሠላሳ ይጠጋሉ፤ ልጅ ሆኜ በጀርባቸው አዝለውኛል ይባላል። በዚያ ድርቅ ሴት ልጃቸው ሞታ መንደሩ መቃብር ሾላው ሥር ተቀበረች። ባላቸው ለመሄድ ቆርጠው ዕቃቸውን አስጫኑ። እሳቸው ግን የአውቶቡሱ መወጣጫ ላይ አንድ እግራቸውን ካሳረፉ በኋላ ቀጥ አሉ። አይወጡም፤ አይወርዱም። ከኋላቸው የመንደራችን ሰው ሁሉ ተሰልፏል፤ እሳቸው ካልወጡ ማንም አይወጣም።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ሰይዶ፣ እዚያ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አሉኝ። «ቅሬዬን ጥዬ የት ልሂድ?»

ወሎን ለማያውቅ ሰው ቅሬን ላስረዳ። ቅሬ የቀብርና የመከራ ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይገባበታል። ሰው ሲሞት ጠሪው ከጉብታ ላይ ወጥቶ «ቅሬ ውጡ!» ብሎ የሟቹን ስም ይጠራል። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ፣ ዶማና አካፋውን አንስቶ ይወጣል። ቅሬ ያለው ሰው የመንደሩ ሰው ነው። ከቅሬ የተባረረ ሰው ቤትና ከብት ቢኖረውም እሳት የሚያውሰው የለም። ሰው በእኛ አገር ከሞት ይልቅ ቅሬ ማጣትን ይፈራል።

በዚያን ጊዜ የመንደራችን የቅሬ ዳኛ አባቴ ነበሩ፤ ሰዉን ሊሸኙ አስፋልቱ ድረስ ወርደው ነበር። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ወደሳቸው ሮጥኩ። ሰዉ እንዳይቀር አንድ ቃል ስጡልኝ አልኳቸው። አባቴ ትንሽ አሰቡና ወደ አውቶቡሱ ቀረቡ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሂዱ» አሉ። «ቅሬያችሁ አይፈርስም። የሄደ ይመለሳል፤ ሲመለስ ቦታው አለ። ይህ የኔም የመንደሩም ቃል ነው።»

እትዬ ዘሃራ ሁለተኛ እግራቸውን አነሱ። ሌላውም ተከተለ። አውቶቡሱ ሲሄድ ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ ጋሽ ተገኘ ያመሰግኑኛል ብዬ ዞርኩ።

«ቃሉ የማን ነው?» አሉኝ።

«የአባቴ።»

«አባትህ ሲያልፉስ?»

መልሴንም አልጠበቁ። ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሰሩና ወደሚቀጥለው መኪና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ የሥራ ዘመኔ ነው፤ ባጭሩ ላሳልፈው። መንግሥት ተለወጠ፤ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ለወጠ፤ እኔ ግን ያው ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ውርጌሳ መጋዘን ጠበቅኩ፤ ወልድያ ዞን ተዛውሬ ለዓመታት ወንበር አሞቅኩ፤ ከዚያ መርሳ ተመለስኩ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ። አንዱ ማኅተም በሁለት ቁልፍ ቆልፎ የሚያድር ነበር። ሌላው «ዘላቂ መፍትሔ» የሚል ቃል ሳይጨምር ደህና ዋላችሁ አይልም፤ ስብሰባ ሲያበቃ እኛ ራሳችን «ዘላቂ ምሳ» እንብላ እያልን እናሾፍበት ነበር። ወልድያ የተማርኩት አንድ ትልቅ ቃል ግን «ይጠና» የሚል ነው። ባለጉዳይ ሲመጣ እምቢ ማለት ያስጠላል፤ እሺ ማለት ያስጠይቃል። «ጉዳዩ ይጠና» ካልክ ግን ሰውየው አመስግኖህ ይሄዳል። የሚያጠና ሰው እንደሌለ እሱም አንተም ታውቃላችሁ።

አባቴ አረፉ። ጋሽ ተገኘም አረፉ። መንደራችን መሬት ሲደላደል የሄዱት ሰዎች መሬት ለቀሩት ተሰጠ፤ የእትዬ ዘሃራ ማሳ ለታላቅ ወንድሜ ለእንድሪስ ደረሰ። ማንም ክፉ ያደረገ አልመሰለውም። ወንድሜ ማሳውን አለስልሶ፣ ውሃ ስቦ፣ ማንጎ ተከለበት። ከመርሳ ገበያ የምገዛው ማንጎ ሳይቀር አንዳንዴ ከዚያ ማሳ የመጣ ነበር፤ ይጣፍጣል።

ጦርነቱ ሲመጣ እኛም ራሳችን ተፈናቀልን። ሌላውን ሳሳፍር የኖርኩ ሰውዬ ሚስቴን ይዤ ቆሜ በሄድኩበት የጭነት መኪና ሸሸሁ። ደሴ ዳር አንድ የማላውቀው ሰው «የማን ልጅ ነህ?» እንኳ ሳይለኝ የልጆቹን ክፍል ለቀቀልኝ። ስመለስ ይህን ለሰው ሁሉ አወራሁ። ማውራት ቀላል ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ከወለጋ የተፈናቀለው ሰው እኛ ወረዳ ወደተሠራው መጠለያ በብዛት ገባ። በሸራ ዳስ መካከል ስዘዋወር፣ እንደ ልማዴ ደጅ ቆሜ ሳልኩ፣ ሰዓቴን ኪሴ ከተትኩ፣ ገብቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጥግ ላይ ፊታቸው የተሸበሸበ፣ ወደ ሰባ የተጠጉ እናት ነበሩ። ልጃቸው ይማም አጠገባቸው ነው፤ እዚያው ወለጋ የተወለደ፣ አማርኛው ውስጥ ኦሮምኛ የሚገባበት ጎልማሳ። እናትየው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንተ የአሊ ልጅ አይደለህም?» አሉኝ። «ሰይዶ? አሳፋሪው?»

ድምፃቸውን አወቅኩት። እጃቸውን ስሜ ተነሳሁ። እትዬ ዘሃራ ሳቁ፤ ጥርሳቸው ሄዷል፣ ሳቁ ግን ያው ነው።

«ያረቢ! ሽበት አወጣህ? አባትህስ?»

«አልፈዋል እትዬ።»

«አላህ ይዘንላቸው። ቃል ያላቸው ሰው ነበሩ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ሄድኩ። ባላቸው ወለጋ እንደሞቱ፣ ጎረቤታቸው ኦቦ ገመቹ ጉድጓዱን እንደ ልጅ ወርዶ እንደቆፈረላቸው ነገሩኝ። ያ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜም እሳቸውንና ይማምን በገዛ ጎተራው ደብቆ፣ በጓሮ በር ያሸሻቸው እሱ ነው። «ከዚያ አገር የሚናፍቀኝ ገመቹ ነው» አሉኝ። «ሌላው እዚያ ሰፋሪ አለኝ። እዚህ ደግሞ ተፈናቃይ ትሉኛላችሁ። ስሜን የሚጠራ ጠፋኮ ሰይዶ!»

አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። በሥራዬ ብዛት ተፈናቃይ ምን እንዳሰበ ምድጃውን አይቼ አውቃለሁ። ሊቆይ ያሰበ ሰው ጭቃ አቡክቶ ምድጃ ይሠራል፤ ያላሰበ በሦስት ድንጋይ ያበስላል። የእትዬ ዘሃራ ጎረቤቶች ሁሉ ምድጃ ሠርተው እሳቸው በሦስት ድንጋይ ላይ ነበሩ። ለምን ስላቸው «ቅሬዬ ስገባ መንደሬ ላይ እሠራለሁ» አሉኝ። በእርግጠኝነት ነው የተናገሩት። የአባቴ ቃል ለእሳቸው ትናንት የተሰጠ ነበር።

እኔም ለመንደሩ ሽማግሌዎች ነገርኩ። የመንደሩ ቅሬ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። አሁን የቅሬ ዳኛው ሼህ አራጋው ናቸው፤ ልበ ሰፊ ሽማግሌ። እትዬ ዘሃራን ይማም ደግፎ አመጣቸው። ሲደርሱ አስቀድመው ወደ መቃብሩ ሄዱና የልጃቸውን ቦታ ፈልገው አገኙት። ከዚያ መጥተው ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ።

«እንግዲህ» አሉ ሼህ አራጋው፣ «እህታችን ዘሃራ መጥታለች። አላህ ለዚህ አበቃት። ጉዳይሽን ተናገሪ።»

«ጉዳይ የለኝም» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ቤቴ ነው የመጣሁት። ስሞት ቅሬ እንዲጠራልኝ፣ እዚያ ከልጄ ጋር እንድታኖሩኝ ነው። ሌላ አልፈልግም።»

ሰዉ አጎነበሰ። ማንም እምቢ አላለም፤ ማንም እሺ አላለም። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ሁሉም ያሰበውን ተናገረ። «ቅሬ የገባ ነዋሪ ነው። ነዋሪ የሆነ መሬት ይጠይቃል። ዛሬ እሷ ብትመጣ ነገ ሁሉም ከመጠለያው ይመጣል። የት እንሂድ?»

«መሬት አልጠየቅሁም» አሉ እትዬ ዘሃራ። «አፈር ነው የጠየቅሁት። ያውም ለአንድ ሰው የሚበቃ።»

«እርስዎ ባይጠይቁ ልጅዎ ይጠይቃል» አለ ሰውየው።

ይማም አፉን ሊከፍት ሲል እናቱ እጁን ያዙት። ሼህ አራጋው ወደ እኔ ዞሩ። «ሰይዶ፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ። ተፈናቃይና ነዋሪ አብሮ ይኑር እያልክ ስታስተምረን የኖርክም አንተ ነህ። ቃሉም የአባትህ ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

ሰው ሁሉ አየኝ። ከሰው ሁሉ ግን የታየኝ ወንድሜ እንድሪስ ነው። ዱላውን መሬት ላይ አቁሞ በሁለት እጁ ይዞታል፤ ዓይኑ ከኔ ላይ አልተነቀለም። ማንጎው፣ ልጆቹ፣ ያ ሁሉ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ብናገር የሚያልቅ ጉዳይ ነው። «የአባቴ ቃል ይጽና» ብል ሼህ አራጋው ፋቲሃ አድርገው ይዘጉት ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ።

«ጉዳዩ ይጠና» አልኩ።

አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ አጠገቡ ያለውን «ይጠና ምንድን ነው?» ሲል ሰማሁት። ቅሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ቅሬ ያደርጋል ወይም አያደርግም። ሼህ አራጋው ፊታቸው ተለወጠ።

«ምኑ ነው የሚጠናው?» አሉኝ። «ሴትዮዋ ናት ወይስ አባትህ?»

እትዬ ዘሃራ የይማምን ትከሻ ይዘው ተነሱ። «ተውት ሼህ አራጋው፤ ገብቶኛል» አሉ። ከዚያ ወደኔ አዩ። ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ያኔ አሳፈርከኝ። ዛሬም አሳፈርከኝ» አሉኝና ሄዱ።

ማንም አልሳቀም። ወንድሜ ወደ ቤት ስንሄድ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «በረካ ሁን» አለኝ። የማንጎው ጥላ ሥር አብረን ምሳ በላን። ያን ምሳ እስከ ዛሬ አላወረድኩትም።

ከዚያ በኋላ ወደ መጠለያው መሄድ አበዛሁ እንጂ ወደሳቸው ዳስ መቅረብ አልቻልኩም። ሳል አለ፤ ሰዓት መፍታት አለ፤ ሙያው ሁሉ ነበረኝ፣ ፊት ግን አልነበረኝም። ጋሽ ተገኘ በሕይወት ቢኖሩ ምን ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ምንም አይሉኝም ነበር።

ወደ ወለጋ የመመለስ ወሬ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። ሰላም ነው፣ ፈቃደኛ የሆነ ይመለስ ተባለ። ገሚሱ ተስፋ አደረገ፤ ገሚሱ ፈራ። ይማም እንደሚመለስ ሰማሁ። እዚህ ቅሬ የለው፣ ማሳ የለው፤ እዚያ ቢያንስ ኦቦ ገመቹ እየደወለ «ቤታችሁ ጣሪያው ብቻ ነው የተነቀለው፤ አብረን እንከድነዋለን» ይለዋል። የማሳፈሩ ሥራ ለኔ ተሰጠ። ጡረታዬ ቢደርስም ልምድ አለው ብለው ነው። የሥራ ዘመኔ በአውቶቡስ ተጀምሮ በአውቶቡስ ሊያልቅ ነበር።

አውቶቡሶቹ አስፋልቱ ዳር ተደረደሩ። ዕቃ አስቀድሜ አስጫንኩ። ጎረቤታሞችን አንድ ላይ አደረግኩ። እትዬ ዘሃራ ሲመጡ መወጣጫው ላይ ራሴ እጃቸውን ያዝኩ። በዚህ ጊዜ ቀጥ አላሉም፤ ማን ይቀብረኛል ብለውም አልጠየቁኝም። በሩ አጠገብ፣ መስኮት ዳር አስቀመጥኳቸው። ተራራችን ከዚያ መስኮት ይታያል። እሳቸው ግን ያዩት እኔን ነው።

«ሰይዶ» አሉኝ፣ «አጥንተህ ጨረስክ?»

ቀልድ መስሎ ነበር። ግን አልነበረም።

«አልጨረስኩም እትዬ» አልኩ።

«እንግዲያው ስትጨርስ ጥራኝ» አሉ።

በሩን ዘጋሁ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ከኋላ ያሉት አውቶቡሶችም ተከተሉ። ሥራዬን እንደ ሁልጊዜው በደንብ ሠርቼ ነበር፤ አንድም ዕቃ አልጠፋ፣ አንድም ሰው ከጎረቤቱ አልተለየም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያን ጋቢ አለበሱኝ።

ጡረታ የወጣ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚሄድበት የለውም። እኔም ወደ መንደር ወጥቼ ወንድሜ ቤት መዋል ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። ይማም ነበር። ሰላምታው ረዘመ፤ እንዲህ ሲረዝም ደግ አይደለም።

«እማዬ ትናንት አለፈች ጋሼ ሰይድ» አለኝ። «ጥቂት ቀን ነው የታመመችው።»

«ኢና ሊላሂ… ቀብሩስ?»

«ትናንቱኑ ተቀበረች። ኦቦ ገመቹ ነው ሰው የጠራ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ክርስቲያኑም ቆፈረ፣ እስላሙም ሰገደባት። አባቴ አጠገብ አደረግናት።» ከዚያ የደወለበትን ተናገረ። «እማዬ ያለችኝን ልንገርህ ብዬ ነው። ሰይዶ አጥንቶ ከጨረሰ ይጥራኝ ብላለች።»

ስልኩ ሲዘጋ ወንድሜ ማሳው ላይ ውሃ ሲያዞር ይታየኛል። ምንም አልነገርኩትም። ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጉብታ፣ የቅሬ ጠሪ ወደሚቆምበት፣ ወጣሁ። ጠሪ አይደለሁም፤ ማንም አልፈቀደልኝም። እስትንፋሴ እስኪመለስ ቆየሁ። እሳቸውን አንቱ ሳልል ጠርቻቸው አላውቅም፤ በቅሬ ጥሪ ግን አንቱ የለም።

«ቅሬ ውጡ!» አልኩ በማላውቀው ድምፅ። «ቅሬ ውጡ! ዘሃራ ሙሄ አርፋለች!»

ተራራው መለሰልኝ። ደግሜ ጠራሁ፣ ሦስተኛም ጠራሁ። ከየቤቱ፣ ከየማሳው ሰው ሲወጣ አየሁ። እንደ ደንቡ ዶማና አካፋ ተሸክመዋል። የቅሬ ጥሪ ሲጠራ ማን ነው አይባልም፤ መጀመሪያ ይወጣል። ስሙን በደንብ ያልሰሙት እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ሾላው ሥር ወርጄ ስደርስ ግማሹ መንደር ቆሟል። ሼህ አራጋውም መጥተዋል። ከፊት ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ወንድሜ እንድሪስ ነው፤ ውሃ ያዞረበትን ዶማ እንደያዘ ነው፣ እግሩ በጭቃ ተለውሷል።

«ዘሃራ ነው ያልከው?» አለኝ። «የኛ ዘሃራ?»

«አዎ።»

ወደ መቃብሩ፣ ልጅቱ ወዳለችበት አየ። ከዚያ ዶማውን ከትከሻው አወረደ።

«የት ጋ ነው የምንቆፍረው?» አለኝ።

«ተቀብራለች» አልኩ። «ወለጋ። ትናንት።»

ሼህ አራጋው ቀስ ብለው ቀረቡ።

«ማን ቀበራት?»

«ጎረቤቶቿ።»

«ከኛ ሰዎች ናቸው?»

«አይደሉም» አልኩ። «የዚያ አገር ሰዎች ናቸው።»

ሼህ አራጋው እጃቸውን ከፍተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም አሚን አልን። ከዚያ የሚሠራ ነገር ስላልነበረ ዶማችንንና አካፋችንን እንደያዝን ወደየቤታችን ተመለስን።